ሮም፦ የት ማደር፣ የት ቡና መጠጣት፣ የትኛው መናፈሻ መዋል? የምርጫ መመሪያ

ሮምን ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ሊያይ የሚሄድ ሰው ማደሪያ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ከኮሎሲየም ያለውን ርቀት ነው። ይህ መለኪያ አሳሳች ነው። ከቫቲካን አካባቢ ኮሎሲየም ድረስ በእግር ቢፈጅ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ መንገዱም ራሱ የሚታይ ነው። ሰውን የሚያማርረው ሌላ ነው፦ ሻንጣ ይዞ ኮብልስቶን ላይ መጎተት፣ ማታ እግር ሲዝል የሚመልስ ሜትሮ ማጣት፣ እስከ ሌሊት ከመስኮት ሥር የማይበርድ ጫጫታ። ሰፈር መመረጥ ያለበት በእነዚህ በሦስቱ ነው። ካፌውና መናፈሻው ሰፈሩን ተከትለው ይመጣሉ።

ለቸኮለ ሰው ፍርዳችን ይኸው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቴስታቾ፤ ልጆች ወይም በዕድሜ የገፉ ወላጆች ይዞ ለሚሄድ ፕራቲ፤ ለአንድ ሌሊት ትራንዚት ወይም በማለዳ ባቡር ለሚይዝ ኤስኩዊሊኖ። ትራስቴቬሬ ማምሻ እንጂ ማደሪያ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሰዓታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቁጥሮቹን ለማነጻጸሪያ ያዟቸው።

ምርጫው ከኤርፖርት ይጀምራል

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ፊዩሚቺኖ ነው። ከዚያ ወደ ከተማ ሁለት ዓይነት ባቡር አለ፤ ብዙ እንግዳ የሚያውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ በ14 ዩሮ፣ በ32 ደቂቃ፣ የትም ሳይቆም ዋናው የባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ያደርሳል። ኤፍ ኤል 1 የሚባለው ባቡር 8 ዩሮ ነው። ቴርሚኒን አይነካም፤ ትራስቴቬሬ፣ ኦስቲየንሴ፣ ቱስኮላናና ቲቡርቲና ላይ እየቆመ ያልፋል። ኦስቲየንሴ ላይ የወረደ ሰው በምድር ውስጥ መተላለፊያ ተሻግሮ ፒራሚዴ የሜትሮ ጣቢያ ይደርሳል፤ ከዚያ ቴስታቾ በእግር ነው። ቴስታቾን ከምናስቀድምባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ታክሲ አድራሻው በአውሬሊያን ግንብ፣ ማለትም በጥንቱ የከተማ ቅጥር፣ ውስጥ ከሆነ ቁርጥ ዋጋው 55 ዩሮ ነው፤ የሚከፈለውም በሰው ሳይሆን በመኪና ነው። አራት አዋቂ ለኤክስፕረሱ በመደበኛ ቲኬት 56 ዩሮ ስለሚከፍል አራት ከሆናችሁ በዚያ ዋጋ በኤክስፕረሱ መሄድ ትርፍ የለውም። ነገር ግን ፕራቲና ወደ ሰሜን ያሉ ሰፈሮች ከግንቡ ውጭ ናቸው፤ ሒሳቡ እንዴት እንደሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። በመድረሻ አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ? ታክሲ?» እያለ የሚጠጋችሁ ሰው ሕጋዊው ታክሲ አይደለም። ሕጋዊዎቹ ነጭ መኪኖች ናቸው፤ ውጭ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

ቴስታቾ ወይስ ትራስቴቬሬ?

ሁለቱም ከቲቤር ወንዝ ዳር ናቸው፤ ሁለቱም በምግባቸው ይታወቃሉ። ፎቶ ላይ ትራስቴቬሬ ያሸንፋል፦ ሐረግ የወጣባቸው ቢጫና ብርቱካናማ ግድግዳዎች፣ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሞዛይክ ያጌጠችው የሳንታ ማሪያ ቤተ ክርስቲያን፤ መግቢያዋም በነጻ ነው። ችግሩ ሜትሮ የለውም። ከፒያሳ ቬኔዚያ የሚነሳው 8 ቁጥር ትራም ዋና መጓጓዣው ነው፤ የሐዲድ ጥገና ሲኖር ግን በአውቶቡስ ይተካል። ስሙን የያዘው የባቡር ጣቢያም ከምሽቱ መዝናኛ የሃያ ደቂቃ እግር መንገድ ነው፤ «ጣቢያው አጠገብ» የሚል የሆቴል ማስታወቂያ አያታልላችሁ።

ጫጫታው የሚበረታው ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ፣ በፒያሳ ትሪሉሳ፣ በቪያ ዴላ ስካላና በቪኮሎ ዴል ቺንኩዌ ዙሪያ ነው። ሆኖም ሰፈሩን ቪያሌ ትራስቴቬሬ የሚባለው ሰፊ ጎዳና ለሁለት ይከፍለዋል፤ በምሥራቅ በኩል፣ በሳንታ ቼቺሊያ ቤተ ክርስቲያንና በፒያሳ ኢን ፒሺኑላ አካባቢ ያለው ወገን ብዙ ጸጥ ይላል። እዚያው ልደር ያለ ሰው በዚህ በኩል ይፈልግ።

ቴስታቾ የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቄራ ሠራተኞች ነው። የከተማዋ ቄራ እስከ 1975 እዚህ ነበር፤ ዛሬ ሕንፃዎቹ የሥነ ጥበብ አዳራሽና የዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆነዋል። የሮም ሰው ጨጓራና ሰንበር፣ የበሬ ጭራም በቲማቲም ወጥ ጥሩ አድርጎ የሚሠራው በዚህ ሰፈር ነው ይባላል፤ የቄራ ሠራተኞች የከብቱን ተራፊ ሥጋ ይዘው ይገቡ ነበርና። ጎዳናው ሜዳና ቀጥ ያለ ስለሆነ ሻንጣ አይታገልም። ከፒራሚዴ ኮሎሲየም ሁለት ጣቢያ፣ ቴርሚኒ አራት ጣቢያ ነው።

የቴስታቾ ገበያ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ 15፡30 ገደማ ክፍት ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 9፡30 ማለት ነው። እሁድ ዝግ ነው። ጉድለቱም ይነገር፦ ትልልቅ ሆቴሎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛው ማደሪያ አፓርታማና ቁርስ ያለው የእንግዳ ቤት ስለሆነ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ሲይዙ አሳንሰር መኖሩን መጠየቅ፣ እንዲሁም በሞንቴ ቴስታቾ ኮረብታ ሥር ካሉት ጎዳናዎች መራቅ ነው። ኮረብታው በጥንት ዘመን የዘይት መያዣ የነበሩ የሸክላ ስብርባሪዎች ክምር ነው፤ በዙሪያው የምሽት ክበቦች ስላሉ ቅዳሜ ሌሊት እንቅልፍ የለም።

ሞንቲ፣ ኤስኩዊሊኖ፣ ፕራቲ

ሞንቲና ኤስኩዊሊኖ በቴርሚኒ ጣቢያና በኮሎሲየም መካከል ጎን ለጎን ያሉ ናቸው፤ ባሕርያቸው ግን አይገናኝም። ሞንቲ በትንንሽ ሱቆች፣ በወይን ቤቶችና በፒያሳ ዴላ ማዶና ዴይ ሞንቲ ፏፏቴ ደረጃ ላይ በሚያመሹ ወጣቶች የታወቀ ነው። በሜትሮ ቢ ካቩር ላይ ይወረዳል፤ ኮሎሲየም በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ዋጋው ውድ፣ መንገዱ ዳገት ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ባይመርጠው ይሻላል።

ኤስኩዊሊኖ ርካሽ ነው። በፒያሳ ቪቶሪዮ ዙሪያ የባንግላዴሽ፣ የቻይናና የአፍሪካ ሸቀጥ የሚሸጥባቸው ሱቆች፣ በአቅራቢያው ደግሞ ቅመም የሞላበት የተሸፈነ ገበያ አለ። ከጣቢያው ማዶ፣ ወደ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ በሚወስዱት ጎዳናዎች የኤርትራና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ስላሉ እንጀራ የናፈቀው ብዙ አይንከራተትም። ሲመርጡ ከሳንታ ማሪያ ማጆሬ እስከ ፒያሳ ቪቶሪዮ ያለውን ክፍል ይያዙ፤ ከጣቢያው ግድግዳ ጋር ተያይዞ የሚሄደው ቪያ ጆሊቲ ማታ ደስ አይልም።

ቴርሚኒ ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ የተሰየመው በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት አምስት መቶ ገደማ ጣሊያኖች ነው። መታሰቢያቸው የሆነው የግብፅ ሐውልት ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ርቆ በዲዮቅሌጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ ቆሟል። ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ እግሩ ሥር ተቀምጦ የነበረው፣ ዘርአይ ደረስም በ1938 ሰይፉን የመዘዘው እዚያ ነው። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሐበሻ አሥር ደቂቃ ቢተርፈው አይቶት ይመለስ።

ፕራቲ ከቫቲካን አጠገብ፣ ከ1870 በኋላ የተሠራ ሰፈር ነው፦ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ቀጥ ያለ ጎዳና፣ አሳንሰር ያላቸው ሕንፃዎች፣ በሜትሮ ኤ ሌፓንቶና ኦታቪያኖ ጣቢያዎች። የሕፃን ጋሪ ለሚገፋና ለአረጋዊ ከዚህ የሚሻል የለም። ማታ ግን ጭር ይላል፤ አንዳንዱ ሰው «ሮም መስሎ አልታየኝም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠችው ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከውጭ መጥቶ ዝም ብሎ መግባት ግን አይቻልም፤ የቫቲካንን የአትክልት ስፍራ ጉብኝት አስቀድሞ የያዘ ሰው ወደዚያ አካባቢ ይደርሳል።

ጥቂት ስለ «የአፍሪካ ሰፈር»። በሰሜን ምሥራቅ ቪያሌ ኢትዮጵያ፣ ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያ አስመራ፣ ፒያሳ ጎንደር የሚባሉ ጎዳናዎች ያሉበት ሰፈር ነው፤ ስያሜው ከቅኝ ግዛት ዘመን የመጣ ነው። ስሙን አይቶ የሐበሻ ሰፈር ነው ብሎ ማደሪያ የሚይዝ ይሳሳታል፤ ነዋሪው በአብዛኛው ደህና ኑሮ ያለው ጣሊያናዊ ነው። ጸጥ ያለና ለረጅም ቆይታ የሚስማማ ነው። የሜትሮ ቢ መስመር ቦሎኛ ጣቢያ ላይ ለሁለት ስለሚከፈል ወደዚያ የሚሄድ ሰው «ዮኒዮ» የሚል ባቡር ይሳፈር፤ «ሬቢቢያ» የሚለው ሌላ ቦታ ይወስደዋል።

ቡናው፦ መጀመሪያ መቆም ወይስ መቀመጥ ወስኑ

ሮም ላይ የቡና ዋጋ የሚወሰነው በካፌው ብቻ ሳይሆን በአቋማችሁ ነው። ባንኮኒ ላይ ቆሞ ለሚጠጣ ኤስፕሬሶ ከ1.10 እስከ 1.50 ዩሮ፣ ካፑቺኖ ከ1.50 እስከ 2 ዩሮ ገደማ ነው። እዚያው ካፌ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ፒያሳ ናቮና ላይ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ማጭበርበር አይደለም፤ ሁለቱም ዋጋ በተለጠፈው ዝርዝር ላይ አለ። ስሕተት የሚሆነው ባንኮኒ ላይ ከፍሎ ስኒውን ይዞ ወደ ጠረጴዛ መሄድ ነው፤ አስተናጋጁ መጥቶ ያስነሳል።

ሥነ ሥርዓቱ ሕዝብ በሚበዛባቸው ቤቶች እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል፣ ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ አድርጎ ባሪስታውን ማዘዝ፣ ጠጥቶ መውጣት። ዝም ብሎ ባንኮኒ ላይ የቆመ ሰው ሳይታዘዘው ቢቀር ተንቆ አይደለም፤ ደረሰኝ ስላልያዘ ነው። በየሰፈሩ ያሉ ትንንሽ ቤቶች ጠጥቶ መክፈልን ይፈቅዳሉ።

አዲስ አበባ የለመደ ሰው «ማኪያቶ» ብሎ ሲያዝ የሚመጣለት በጣም ትንሽ ስኒ፣ ወተት ጠብ ያለበት ኤስፕሬሶ ነው። የለመደውን መጠን የሚፈልግ ካፑቺኖ ይዘዝ። «ላቴ» ያለ ሰው ደግሞ አንድ ብርጭቆ ወተት ሊቀርብለት ይችላል። የጣሊያን ቡና ጠቆር ተደርጎ የተቆላ፣ ብዙ ጊዜም ሮቡስታ የተባለው የቡና ዝርያ የተደባለቀበት ስለሆነ መረር ይላል፤ የሲዳማን ወይም የይርጋጨፌን ቃና የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ስኒ ቅር ሊለው ይችላል።

ከቤቶቹ መካከል በፓንቴዮን አቅራቢያ ያሉት ሁለቱ ሁልጊዜ ይወዳደራሉ። ከ1938 ጀምሮ ያለው ሳንትኤውስታኪዮ በወፍራም አረፋው የታወቀ ነው፤ ግን «ሴንዛ ዙኬሮ» ብላችሁ ካልነገራችሁ ስኳር ተጨምሮ ይመጣል፤ አሠራሩን እንዳያሳዩም ማሽኑን ይከልላሉ። ታሳ ዶሮ ደግሞ በበጋ ይበልጠዋል፦ ግራኒታ ዲ ካፌ ኮን ፓና የሚሉት፣ በረዶ የሆነ ቡና ከላይና ከታች ክሬም ተደርጎበት፣ ለሙቀት ቀን ሁነኛ ነው። ለክረምት ሳንትኤውስታኪዮ፣ ለሐምሌ ታሳ ዶሮ። በሁለቱም መቀመጥ አይመከርም፤ ቆሞ ጠጥቶ መሄድ ነው።

ፕራቲ ያደረ ሰው ያን ያህል ሳይሄድ ሻሻ አለለት፤ ከ1919 ጀምሮ የቆየ ቤት ሲሆን ስኒው ውስጥ ቸኮሌት የተቀባበትን ኤስፕሬሶ ይሠራል። ኤስኩዊሊኖ ያደረ ሬጎሊ ይሂድ፤ ከ1916 ጀምሮ የነበረ ኬክ ቤት ነው፤ ማሪቶዞ የተባለውን ክሬም የተሞላ ዳቦ ለመብላት ቅዳሜና እሁድ ወረፋ አለ፣ ማክሰኞ ደግሞ ዝግ ነው። ቀለል ተደርጎ የተቆላ ቡና፣ በተለይም ፊልተር የሚፈልግ ሰው ወደ ቪያ ፒያቬ ወጥቶ ፋሮን ይሞክር። ትራስቴቬሬ ውስጥ ባር ሳን ካሊስቶ ያጌጠ ቤት አይደለም፤ በአካባቢው ግን ሳይበዘበዙ ውጭ ቁጭ ብሎ ሰው ለማየት የሚመች እሱ ነው።

ጾም ላይ ላለ ሰው፦ ኮርኔቶ የሚባለው ክሩዋሳን መሰል የቁርስ ዳቦ ቅቤና እንቁላል አለበት፤ ብዙ ካፌዎች «ቬጋኖ» የሚባለውን ይይዛሉ፣ የአኩሪ አተር ወተትም አይጠፋም። ምሳ ላይ ከዳቦ ቤት ፒዛ ሮሳ፣ ወይም ፒዛ ቤት ገብቶ ማሪናራ ማዘዝ ይቻላል፤ ሁለቱም አይብ የላቸውም፤ ሊጡ ውስጥ ግን «ስትሩቶ» የሚሉት የአሳማ ስብ መኖሩን መጠየቅ ነው። ወጥመዱ «ዲ ማግሮ» የሚለው ጽሑፍ ነው፦ ሥጋ የለውም ማለት እንጂ አይብ የለውም ማለት አይደለም። ተቆርጦ የሚሸጠው ፒዛ በክብደት ነው የሚመዘነው፤ የምትፈልጉትን ስፋት በእጃችሁ አሳዩ፤ አለበለዚያ ሻጩ በራሱ ግምት ትልቅ ይቆርጣል።

መናፈሻው፦ በሰዓቱና በሙቀቱ

ቪላ ቦርጌዜ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። 80 ሄክታር ገደማ ነው፤ ከስፓኛ ወይም ከፍላሚኒዮ ሜትሮ ይገባል፤ የሚቀዘፍ ጀልባ ያለበት ሐይቅ፣ የሚከራይ ብስክሌት፣ የአራዊት መካነ ስፍራ አለው። ስለዚህ ልጅ ያለው ሰው እዚሁ ይዋል። ፒንቾ የሚባለው ከፍታ ፀሐይ ስትጠልቅ ይጨናነቃል፤ በጠዋት ግን ባዶ ነው። ውስጡ ያለው የቦርጌዜ ጋለሪ ቀድሞ ቲኬት ሳይያዝ አይገባም፤ የሚሰጠው የሁለት ሰዓት ቆይታ ነው፤ ሰኞ ዝግ ነው።

ቪላ ዶሪያ ፓምፊሊ ከ180 ሄክታር በላይ ነው፤ የሚሮጥ፣ ወይም ሳር ላይ ተጋድሞ ግማሽ ቀን የሚያሳልፍ ሰው ይመርጠዋል። ሜትሮ የለውም። ጥሩው መንገድ ከትራስቴቬሬ በቪያ ጋሪባልዲ ዳገቱን ወጥቶ፣ በአኳ ፓኦላ ፏፏቴ በኩል እስከ ፖርታ ሳን ፓንክራዚዮ፣ ከዚያም ወደ መናፈሻው ነው፤ 25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እኩለ ቀን ላይ እዚያው ባለው ጃኒኮሎ ኮረብታ ላይ በየቀኑ መድፍ ይተኮሳልና ድንገት ቢሰሙ አይደንግጡ።

የውኃ ቦዮች ፓርክ፣ ፓርኮ ዴሊ አኩዌዶቲ፣ ከሁሉም የምናደላለት ነው። በሜትሮ ኤ ጁሊዮ አግሪኮላ ወርዶ አሥር ደቂቃ መሄድ ነው፤ በ52 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የአኳ ክላውዲያ ቅስቶች ሜዳው ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ መግቢያ ክፍያ የለም፣ ቱሪስቱም ጥቂት ነው። ጥላ ግን እንደልብ አይገኝም፤ በሐምሌና በነሐሴ ከ17፡00 በፊት መሄድ ራስን መቅጣት ነው። ሙቀት ለበዛበት ቀን ዛፍ የበዛበት ቪላ አዳ ይሻላል።

ትንሹ የብርቱካን መናፈሻ፣ ጃርዲኖ ዴሊ አራንቺ፣ አቬንቲኖ ኮረብታ ላይ ከቴስታቾ በእግር ይደረሳል፤ ቁልቁል ወንዙና የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ይታያሉ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በሌላው በኩል ሲወርዱ ፖርታ ካፔና ይገኛል፤ በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት እስከ 2003 የቆመው እዚያ ነበር። በ2005 ወደ አክሱም ተመልሷል። የአፍሪካ ሰፈርን ያየ ደግሞ ወደ ቪላ ቶርሎኒያ ቢያልፍ፣ ሙሶሊኒ ከ1925 እስከ 1943 የኖረበትን ግቢ ያገኛል፤ ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው።

አጥር ያላቸው መናፈሻዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋሉ፤ በታኅሣሥ ይህ ማለት 17፡00 ገደማ ነው። ኃይለኛ ነፋስ ሲጠበቅ ከተማው ቀኑን ሙሉ ሊዘጋቸው ይችላል፤ የጥድ ዛፎቹ ይወድቃሉና። በበጋ ትንኝ ስለሚበዛ የሚቀባ መከላከያ ይያዝ። ውኃ አይገዛም፦ ናሶኒ የሚባሉት የብረት ቧንቧዎች በየመንገዱ አሉ፤ ይጠጣሉም። ከታች ያለውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለው ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣል።

ቀናቱን ሲያቀናጁ

የአውቶቡስና የሜትሮ ቲኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ 100 ደቂቃ ያገለግላል፤ አውቶቡስ መቀያየር ይቻላል፣ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። የባንክ ካርድ ማስነካትም ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ካርድ ያስፈልጋል። ወረቀት ቲኬት አውቶቡስ ውስጥ ካልታተመበት እንዳልተከፈለ ይቆጠራል፤ ቅጣቱ ከ50 ዩሮ በላይ ነው። ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስና የሜትሮ ኤ መስመር የኪስ አውላቂዎች መስክ ናቸው፤ ስልክ በኋላ ኪስ አይያዝ። ሜትሮ በአዘቦት 23፡30፣ ዓርብና ቅዳሜ 1፡30 ላይ ያበቃል። ሆቴል ላይ ደግሞ ከክፍሉ ዋጋ ሌላ የከተማ ግብር አለ፤ እንደ ኮከቡ ብዛት በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት ከ4 እስከ 10 ዩሮ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜ ቦታው ላይ ይከፈላል።

እሁድን ለአፒያ አንቲካ፣ ለጥንቱ የሮማውያን ጎዳና፣ ወይም ለመናፈሻ አድርጉት፤ የቴስታቾን ገበያ ለቅዳሜ ጠዋት። ነሐሴ 15 ዙሪያ የሰፈር ካፌዎችና ምግብ ቤቶች በብዛት ይዘጋሉ፤ የሚሻሉት ሚያዝያ፣ ግንቦትና ጥቅምት ናቸው። የትራንስፖርት አድማ ብዙ ጊዜ ዓርብ ይጠራል፤ በአድማ ቀንም የከተማው አውቶቡስና ሜትሮ እስከ 8፡30፣ ከዚያም ከ17፡00 እስከ 20፡00 የመሥራት ግዴታ አለባቸው። በረራችሁ በዚያ ቀን ከሆነ ታክሲውን በዋዜማው በማደሪያችሁ በኩል አስይዙ።